ከአማካይ ቁጥር እስከ መጨረሻው ቤት፦ የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች በአጥቢያችን



በቢታ ገነት ዙሪያ ባሉ አጥቢያዎች ስለ ልማት ስንመካከር ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ውኃው መቼ ይገባልናል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከእርሱ ጋር ግን «ሲገባ ማን ይቀዳል?» የሚለውም ሊነሣ ይገባል። የዛሬው ትምህርታችን በዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ላይ ያተኩራል።

መብቱና ግዴታው

የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 1959 ዓ.ም. ጸደቀ፤ ሀገራችንም በሰኔ 1985 ዓ.ም. ተቀበለችው። ንጹሕ ውኃ ሰብአዊ መብት መሆኑን ጠቅላላ ጉባኤው በሐምሌ 2002 ዓ.ም. በውሳኔ አረጋግጧል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች ኢትዮጵያውያን ሁሉ በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል።

ቃል ኪዳኑ ሁለት ዓይነት ግዴታ ይጥላል። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ውኃ እንደ ሀገሪቱ አቅም ደረጃ በደረጃ የሚሟሉ ናቸው። አድልዎን ማስቀረት ግን በጀት አይጠብቅም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚፈጸም ነው።

የሀገራችን ጉዞ

ጉዞው ፍሬ አፍርቷል። በብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱት እናቶች በ1992 ዓ.ም. 871 ሲሆኑ፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ 412 ወርደዋል። ይሁን እንጂ አማካይ ቁጥር ልዩነትን ይሸፍናል። በዚያው የ2008 ጥናት የተሻሻለ የመጠጥ ውኃ ምንጭ ያላቸው ቤተሰቦች በከተማ 97 በመቶ፣ በገጠር 57 በመቶ ነበሩ። በአንድ ቀበሌ ውስጥም እንዲህ ያለ ልዩነት ሊኖር ይችላል።

በእኛ አካባቢ

በከፋ የሚኖሩ የማንጆ ወገኖቻችን በጋራ ማዕድ ከመቀመጥ፣ በአንድ ዕቃ ከመጠጣትና ከጋብቻ ለረጅም ዘመን ተገልለው ኖረዋል። ልማዱ ፈጽሞ ጠፍቷል ብለን ራሳችንን አናታልል።

ለአብነት አንድ የምንጭ ማጎልበት ሥራ እናስብ። የቦኖው ቦታ ለስብሰባ በመጡት ሰዎች ብቻ ቢወሰን፣ ያልተጠሩት በጫካው ዳር ያሉ ቤቶች ከውኃው ይርቃሉ። ቢቀርቡም እንኳ ከሁሉ በኋላ እንዲቀዱ ቢደረግ መብታቸው ተጥሷል። እኔ ራሴ ሪፖርት ስጽፍ የምቆጥረው የተሠራውን ቦኖ ነበር፤ ሳይቀዳ የተመለሰውን ጄሪካን አልቆጠርሁም።

ጌታችን በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ሳምራዊቷን ሴት ውኃ በለመናት ጊዜ፣ አይሁድ ከሳምራውያን ጋር የማይተባበሩበትን የቆየ አጥር አልፎ ነው (ዮሐ. 4)። ከእርሷ ዕቃ ለመጠጣት አልተጸየፈም። እኛ በምንሠራው ቦኖ ላይ ያንን አጥር መልሰን ልናቆም አይገባንም።

ኮሚቴው ምን ያድርግ?

1. የቦኖው ቦታ ከመመረጡ በፊት ቤት ለቤት ይቁጠር፤ ለስብሰባ ያልመጡትም ይጠየቁ። ደርሶ ለመመለስ፣ የወረፋው ጊዜ ጭምር፣ ከ30 ደቂቃ በላይ የሚፈጅባቸው ቤቶች ይለዩ።

2. በውኃ ኮሚቴው ውስጥ ሴቶችና የማንጆ ቤተሰቦች ድምፅ ያላቸው አባላት ይሁኑ። ቁልፍና ሒሳብ መያዝም ይድረሳቸው።

3. ክፍያውና መክፈል የማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚረዱበት መንገድ፣ ውኃው ከመከፈቱ በፊት በመተዳደሪያ ደንብ ይጻፍ።

4. ተራ የተነፈገ ሰው አቤት የሚልበት ሰው አስቀድሞ ይሰየም። ካህናትም በዐውደ ምሕረት ስለዚህ ያስተምሩ።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በአጥቢያችን ከውኃ ነጥብ እጅግ የሚርቀው ቤት የማን ነው? በመጨረሻው ስብሰባችንስ ተገኝቶ ነበር?

ለ. ከጠበል፣ ከዝክርና ከሰንበቴ ማዕድ በዝምታ የሚገለል ወገን አለን?

ሐ. በሚቀጥለው ሪፖርታችን ከተሠራው ሥራ ጎን ያልደረስንላቸውን ቤቶች እንዴት እንመዝግብ?

የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ በቃለ ጉባኤ አስፍራችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ መልሳችሁ እንድታዩት በትሕትና አሳስባለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።