የዝናብ ጉዳይና የበሬ ጉዳይ

«ድርቅ ሀብታምና ድኻ አይለይም» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ዝናብ በሰው ፈቃድ የሚዘንብ ስላልሆነ አባባሉ እውነት ይመስላል። ነገር ግን እኛ ከደጎሎና ከመካነ ሰላም አካባቢ ወደ ዩኒቨርሲቲ የመጣን ተማሪዎች ያደግንበትን አገር መለስ ብለን ስንመረምር አባባሉን ግማሽ እውነት ሆኖ አግኝተነዋል። ዝናቡ የቀረው በሁሉም ማሳ ላይ ነው፤ የተራበው ግን ሁሉም ቤት አይደለም። ይህ ለምን እንደሚሆን ከዚህ ቀጥሎ እንመለከታለን።

በመጀመሪያ ስለ መሬቱ እንናገር። የጃማ ወረዳ ከተማ የሆነችው ደጎሎ ያለችበት ደጋ ብዙው ዋልካ አፈር ነው። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ማረሻም አያስገባም። ሲርስ ደግሞ ይጣበቃል፤ ፈሰስ ካልወጣለትም ውሃ ቋጥሮ ዘሩን ያበሰብሳል። ስለዚህ ለእርሻ የሚመችበት ጊዜ አጭር ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ የበልግ ዝናብ ጠብ ሲል መሬቱ ይለሰልሳል፤ ያን ጊዜ ደጋግሞ ያረሰ ገበሬ ለክረምቱ ዘር ተዘጋጅቶ ይቆያል።

አሁን ሦስት ቤቶችን እናስብ። ባለ ሁለት በሬ ገበሬ ዝናቡ በወረደ ማግስት ይጠምዳል። ባለ አንድ በሬ መቀናጆ ይፈልጋል፤ ተራውንም ይጠብቃል። በሬ የሌለው መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። ባሏ የሞተባት ሴት፥ እርፍ መጨበጥ የወንድ ሥራ ተደርጎ ስለሚቆጠር፥ መሬት ቢኖራትም ከዚህ ከሦስተኛው ወገን ትመደባለች። እኩል አራሹም የራሱን ማሳ ሳይጨርስ የእርሷን አይነካም። ዝናቡ በወጉ በሚዘንብበት ዘመን የአሥራ አምስት ቀን መዘግየት የሚያመጣው ጉዳት ትንሽ ነው። ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ፈጥኖ ሲወጣ ግን ያው አሥራ አምስት ቀን የአንድ ዓመት ቀለብ ይሆናል።

ጉዳቱም በዚያው ዓመት አያበቃም። በክፉ ዓመት ብዙ ሰው ከብቱን በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ስለሚያወጣ የከብት ዋጋ ይወርዳል፤ የእህል ዋጋ ይወጣል። በ2008 ዓ.ም. ኤልኒኞ ባስከተለው ድርቅ በመላው ኢትዮጵያ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ፈላጊ ሆኖ ነበር። እኛ ያን ጊዜ ገና ልጆች ነበርን። ከመካከላችን የአንዱ አባት ከሁለት በሬዎቹ አንዱን ሸጠው በዋጋው የገዙት እህል እስከ አዲሱ መኸር አላደረሳቸውም። በሬውን የገዛው ሰው በርካሽ ገዛ። በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ለሁለቱም ዘነበ፤ ነገር ግን አንደኛው በጊዜ ጠመደ፤ ሌላው መቀናጆ ፍለጋ ሄደ። ድርቁ ቢያልፍም በሁለቱ ቤት መካከል የከፈተው ልዩነት አላለፈም።

የበሬን ነገር ታሪክም ያስተምረናል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን ረኃቡን ያባባሰው የዝናብ መቅረትና አንበጣ ብቻ አልነበረም፤ የከብት በሽታ በሬውን ስለ ፈጀው መሬቱ ጦም አደረ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ስለ ደረሰው የወሎ ረኃብም የሕንዱ የኤኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የሚያስገርም ነገር አሳይቷል። በወሎ ምርት ቢጎድልም በአገሪቱ የነበረው ጠቅላላ እህል ብዙ አልቀነሰም ነበር፤ በደሴም ዋጋው እጅግ አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ እህል ይወጣ ነበር። ሰውየው የተራበው በገበያ እህል ጠፍቶ ሳይሆን መግዣ አጥቶ ነው።

«ያ የባላባትና የጭሰኛ ዘመን ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. በመሬት አዋጅ ቀርቷል» የሚል ወንድም ይኖራል። እውነት ነው፤ ዛሬ ጭሰኛ የለም። አለመተካከሉ ግን መልኩን ለውጦ ቆይቷል። በአማራ ክልል መሬት በ1989 ዓ.ም. ከተሸነሸነ በኋላ ለአካለ መጠን የደረሰ ወጣት ብዙው ከወላጆቹ ማሳ ላይ ከመካፈል ሌላ ድርሻ የለውም። ማገዶ ያጣው ቤት ደግሞ ለማሳው ማዳበሪያ ይሆን የነበረውን ፋንድያ ኩበት አድርጎ ያነደዋል፤ አፈሩም ከዓመት ወደ ዓመት ይደኸያል።

ድርቅ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ እያንዳንዱንም ድርቅ በፋብሪካ ጭስ ማመካኘት ትክክል አይሆንም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት 1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ጨምሯል። ሙቀት ሲጨምር አፈሩ እርጥበቱን ቶሎ ያጣል፤ የዝናብ መቋረጥም ይበልጥ ይጎዳል። ለዚህ ሙቀት ዋናው ምክንያት ከድንጋይ ከሰል፥ ከነዳጅ ዘይትና ከጋዝ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አንድ አሜሪካዊ በዓመት በአማካይ 14 ቶን ያህል ሲደርሰው፥ የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻ የአንድ ቶን አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ያየነው ነገር በዓለምም ላይ ይታያል፤ ሙቀቱን ያመጣው አንዱ፥ ዕዳውን የሚከፍለው ሌላው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በሻርም ኤል ሼክ ለተጎዱ አገሮች የካሣ መልክ ያለው የገንዘብ መርጃ እንዲቋቋም መንግሥታት የተስማሙትም ይህን አለመመጣጠን በመጠኑ ስላመኑ ነው። ሆኖም ገንዘቡ ቢመጣ እንኳ ለባለ ሁለት በሬው ብቻ የሚደርስ ከሆነ በዓለም የተነቀፈው አድልዎ በቀበሌ ይደገማል።

ከዚህ የምንደርስበት መደምደሚያ ግልጽ ነው። እርዳታ መድረስ ያለበት በሬው ከተሸጠ በኋላ ሳይሆን ከመሸጡ በፊት ነው። ከምግብ እህል ጋር የከብት መኖና የዘር ብድርም መታሰብ አለበት። በሬ ለሌላቸውና ለሴት አባወራዎች በወቅቱ የሚደርስ የእርሻ እገዛ ቢዘጋጅ አንድ የዝናብ ዓመት ሊያተርፍ ይችላል።

የእኛስ ድርሻ ምንድን ነው? በ1965 ዓ.ም. የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያመጡት ፎቶግራፍ በግቢው ሲታይ፥ የተሸሸገው ረኃብ በተማሪው ዘንድ ተገለጠ። ዛሬ ከእኛ የሚፈለገው ከዚያ ያነሰ ነው። በክረምት ዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ለጎረቤቶቻችን ሦስት ጥያቄ እናቅርብ፦ ዘንድሮ መቼ አረሳችሁ? በማን በሬ? ባለፈው ክፉ ዓመት ምን ሸጣችሁ? መልሱን ጽፈን በመስከረም ይዘን እንመለስ። ከየወረዳው የሚሰበሰበው መልስ ጎን ለጎን ሲቀመጥ፥ ድርቁ በየትኛው ቤት በር በኩል እንደሚገባ ያሳየናል።