በቅጠል ውሃ ስለሚሠራ የብር ብናኝና ሻጋታን ስለ መከላከሉ

ብር የተባለው ማዕድን ሻጋታን የማጥፋት ኃይል አለው። ይኸውም ኃይል ብሩ እጅግ ሲደቅ ይበረታል፤ በደቀቀ መጠን ሻጋታውን የሚነካው ገጹ ይበዛልና። ሊቃውንት ናኖ የሚሉት ብናኝ ስፋቱ ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር ነው፤ 1 ናኖሜትርም የ1 ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ እጅ ነው።

ይህን ብናኝ በኬሚካል ብቻ ለመሥራት ብዙ ጊዜ መርዝነት ያለው ቅመም ያስፈልጋል። በሕንድ አገር በፑኔ ከተማ የሚገኙ ሊቃውንት ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ዓመት በኒም ቅጠል ውሃ ሊሠራ እንደሚቻል ገለጡ። አሠራሩም እንዲህ ነው። ቅጠሉ ታጥቦ ይከተፋል፤ በንጹሕ ውሃ ይፈላል፤ ከተጠለለም በኋላ በውሃ ከሟሟ የብር ናይትሬት ጋራ ይቀላቀላል። በቅጠሉ ያለው ንጥረ ነገር ጨውየውን ወደ ብር ይለውጠዋል፤ ብናኙም እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ይከለክላል። የውሃው መልክ ቡናማ ሲሆን ብናኙ እንደ ተፈጠረ ይታወቃል።

ከብናኙ እየሟሟ የሚለየው ብር የሻጋታውን ሕዋስ ሽፋን ያበላሻል። ስለዚህ ሥርን የሚያበሰብሰው ፉዛርየም በምርመራ ቤት ሳህን ላይ እድገቱ ሲገታ ታይቷል።

ነገር ግን ሹማምንት ይህን ልብ ሊሉ ይገባል። በቅጠል ተሠራ ማለት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ብር እንደ ቅጠል በስብሶ አይጠፋም፤ በእርሻ ላይ ሲረጭ አፈርን የሚያለሙትን ረቂቃን ሕዋሳትና የወንዝ ዓሣን ሊጎዳ ይችላል። እንግዲህ ነጋዴ «የቅጠል መድኃኒት ነው» ብሎ ቢያመጣ፤ በእርሻ ላይ የተፈተነበት ማስረጃና የመንግሥት ፈቃድ ሳይታይ ለገበሬው እንዳይታደል መጠበቅ ያስፈልጋል።