ፕሮግራምና ድራይቨር በምን ይነጋገራሉ?

ዘንድሮ በኮምፒውተር ክፍለ ጊዜያችን ተማሪዎች ደጋግመው ያነሡት አንድ ጥያቄ ነበር፤ የጻፍነው ፕሮግራም ፕሪንተሩን ወይም ካሜራውን ለምን ራሱ በቀጥታ አያዝም? መካከል ላይ ድራይቨር የሚባል ነገር ለምን አስፈለገ? ክፍል ውስጥ ጊዜ አጥሮን በግማሽ የተውነውን መልስ ለወላጆችም እንዲገባ አድርገን እዚህ እንጽፈዋለን።

ኮምፒውተርን አደባባይና እልፍኝ እንዳለው ግቢ አድርገን እናስበው። የምንጠቀምባቸው ፕሮግራሞች ሁሉ አደባባዩ ላይ ናቸው። እልፍኙ ከርነል ይባላል፤ ሜሞሪውን፣ ዲስኩን፣ ዕቃውን ሁሉ የሚያዘው እሱ ነው። ድንበሩን የሚጠብቀው ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው፤ በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከርነሉ በደረጃ 0፣ ፕሮግራሞች በደረጃ 3 ይሠራሉ። አንድ ፕሮግራም ድንበሩን ልለፍ ቢል ይታገዳል፤ አብዛኛውን ጊዜም እሱ ብቻ ተዘግቶ ሌላው ሥራ ይቀጥላል። ድራይቨር ግን ብዙውን ጊዜ የሚሠራው እልፍኙ ውስጥ ነው። እሱ ሲሳሳት የሚይዘው የለም።

ቅርባችን ባለው ነገር እንየው፤ አማርኛ ስንተይብ ምን ይሆናል? በሊኑክስ ላይ የ“ኤል”ን ቁልፍ ስንጫን የኪቦርዱ ድራይቨር የሚያውቀው 38ኛው ቁልፍ መነካቱን ብቻ ነው። ስለ ፊደል ገበታ ምንም አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም። ቁጥሩን ወደ ውጭ ያቀብላል። አደባባዩ ላይ ያለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ይቀበልና “ል” ያደርገዋል፤ በዩኒኮድ ቁጥሩ 4621 ነው። ቀጥሎ 18ኛው ቁልፍ፣ “ኢ”፣ ከተነካ “ለ” ይሆናል፤ 4616። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን ለዚህ ሲባል የኪቦርድ ድራይቨር እንደ አዲስ መጻፍ አላስፈለገም።

ፕሮግራሙ ወደ ውስጥ መልእክት ሊልክ ሲፈልግ ግን ደጅ መጥናት አለበት። በሊኑክስ መሣሪያው ብዙውን ጊዜ ፋይል መስሎ ይታያል። ፕሮግራሙ በ“ኦፕን” ይከፍተዋል፣ በ“ሪድ” ያነባል፣ በ“ራይት” ይጽፋል፣ ሲጨርስ በ“ክሎዝ” ይዘጋዋል። የካሜራን ጥራት እንደ መቀየር ላለው፣ ማንበብና መጻፍ ለማይበቃው ጉዳይ “አይኦክትል” የሚባል ጥሪ አለ፤ በዊንዶውስ ተመሳሳዩ “ዲቫይስ አይኦ ኮንትሮል” ነው። አይኦክትል የትእዛዝ ቁጥርና ዝርዝሩ የተጻፈበትን የሜሞሪ አድራሻ ይዞ ይገባል። ድራይቨሩ የማያውቀው ትእዛዝ ከመጣ ስሕተት ቁጥር 25ን ይመልሳል። የዚህ ስሕተት የጥንት መልእክት “ታይፕራይተር አይደለም” የሚል ነበር! ከቴሌታይፕ ዘመን የቀረ ነው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ጥሩ እልፍኝ አስከልካይ ባለጉዳይ ስለ ራሱ የሚናገረውን ዝም ብሎ አያምንም፤ ድራይቨርም እንዲሁ መሆን አለበት። የተሰጠው አድራሻ የፕሮግራሙ ነው ወይስ የከርነሉ? ርዝመቱ 100 ባይት ነው ሲባል እውነት 100 ነው? ከሁሉ ይበልጥ የሚዘነጋው ደግሞ ይህ ነው፤ ድራይቨሩ ማመልከቻውን መርምሮ “ደኅና ነው” ካለ በኋላ ፕሮግራሙ ጽሑፉን ሊለውጠው ይችላል። ስለዚህ ድራይቨሩ አስቀድሞ ወደ እልፍኙ ይገለብጠዋል፤ የሚመረምረውም የሚሠራበትም ግልባጩን ነው።

ይህ ጥንቃቄ ሲጎድል ምን እንደሚመጣ ዓለም ሁሉ ዓርብ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. አይቶታል። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ለዊንዶውስ ደንበኞቹ አንድ የማሻሻያ ፋይል ላከ። በናይሮቢም በአዲስ አበባም ከጧቱ 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ነበር፤ ስዋሂሊም እንደ አማርኛ ስለሚቆጥር ልጆቻችን ሰዓቱን መተርጎም አያሻቸውም። ፋይሉን የሚያነበው እልፍኙ ውስጥ ያለ ድራይቨር ነው። ፋይሉ 21ኛውን መረጃ እንዲመለከት አዘዘው፤ የቀረበለት መረጃ ግን 20 ብቻ ነበር። ድራይቨሩ ሳይቆጥር የሌለውን 21ኛ ሊያነብ ከተመደበለት ሜሞሪ ወጣ፤ ኮምፒውተሩም በሰማያዊ ስክሪን ቆመ። ኩባንያው ፋይሉን ከ78 ደቂቃ በኋላ አነሣው። በማይክሮሶፍት ግምት እስከዚያው 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ተመትተዋል፤ ይህም ከዊንዶውስ ኮምፒውተሮች አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። በየአገሩ አውሮፕላኖች ቀሩ፤ ሆስፒታሎችና ባንኮች ተስተጓጎሉ። ድራይቨሩ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብሮ የሚነሣ በመሆኑ አጥፍቶ ማብራት ብዙዎቹን አልፈወሳቸውም፤ ባለሙያ እያንዳንዱ ማሽን ዘንድ ሄዶ በሴፍ ሞድ አስነሥቶ ፋይሉን በእጁ መሰረዝ ነበረበት።

ራሳቸው ድራይቨር መጻፍ ለሚፈልጉ የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች የምንመክረው ሥራውን በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ እንዲጀምሩ ነው። እዚያ እልፍኙ ቢፈርስ መስኮቱን ዘግቶ እንደገና መክፈት ይበቃል፤ የወላጅ ላፕቶፕ አይነካም።