📌 ትምህርት፦ ሽንኩርት በስልክ ማዘዝ ስንት ኪሎ ላይ ያዋጣል?

አትክልት ተራ በ2012 በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ ለውቤ በረሃ ሰው ጅምላው ራቀ። የቀረው የሰፈር ጉሊትና ስልክ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ የማድረሻውን ሒሳብ ለኪሎው የዋጋ ልዩነት አካፍሉት። ለምሳሌ ማድረሻው 150 ብር ቢሆን፣ ሽንኩርቱም ከጉሊቱ በኪሎ 15 ብር ቢረክስ፣ 150÷15=10 ኪሎ። ከዚያ በታች ጉሊት ይሻላል። 3 ኪሎ ብታዙማ በኪሎ 35 ብር ጨምራችሁ ገዛችሁ ማለት ነው!

ሽንኩርት ይቀመጣል። ቲማቲም ግን 10 ኪሎ ማን ይጨርሳል? ግማሹ ከበሰበሰ የበላችሁት በእጥፍ ዋጋ ነው። ጉሊት ላይ ደግሞ እየነካን እንመርጣለን፤ በስልክ የሚመርጥልን ሻጩ ነው።

ከጎረቤት ጋር አንድ ላይ ካዘዛችሁ ለየቤቱ 5 ኪሎ ይበቃል። ሲመጣ መጀመሪያ መዝኑት፣ ከዛ ክፈሉ።