ሞክሼ ፊደላትን በማስታወሻ ቃል መለየት

«ትምህርት» በየትኛው «ሀ» ይጻፋል? «ምሕረት»ስ? ፈተና ላይም ሆነ የጥናት ወረቀት ስናዘጋጅ እዚህ ላይ ስንደርስ ብዙዎቻችን እጃችን ቆም ይላል። አንዳንዱ ደግሞ «ድምፁ አንድ ነው፣ ምን ቸገረኝ» ብሎ የመጣለትን ይጽፋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ሞክሼ ፊደላትን ለመለየት የሚያገለግለውን የቆየ የማስታወሻ ዘዴ፣ ጥቅሙንና ጉድለቱን ለማየት እንሞክራለን።

የፊደላቱ ስም

ከግዕዝ ከወረስናቸው 26 ፊደላት መካከል ዘጠኙ በአማርኛ ከሌላ ፊደል ጋር ድምፅ ይጋራሉ። የኔታ ታዲያ ተማሪው እንዳይምታታበት ለእያንዳንዱ ፊደል እሱ ያለበትን የታወቀ ቃል ስም አድርገው ያስይዙታል። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ ይባላሉ። አዲሱን ነገር ቀድሞ ከሚታወቅ ነገር ጋር ማሰር ማለት ይኸው ነው።

ዘዴው የአብነት ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም። በወሎ የተለመደው የቁርኣን ቤትም ቅርጻቸው የሚመሳሰል ፊደላት አሉት፤ «ባ» አንድ ነጥብ ከታች፣ «ታ» ሁለት ነጥብ ከላይ፣ «ሳ» ሦስት ነጥብ ከላይ እየተባለ ይለያል። ራቅ ብለን ወደ ጃፓን ብንሄድ ችግሩ ይብሳል። እዚያ በ2010 እ.ኤ.አ. ተሻሽሎ የወጣው የመደበኛ ካንጂ ዝርዝር 2,136 ምልክቶች አሉት። የውጭ አገር ተማሪዎች ይህን ሁሉ የሚይዙት ታሪክ እየፈጠሩ ነው። ለምሳሌ የሰው ምልክት ከዛፍ ምልክት ጎን ሲቆም «ማረፍ» ማለት ነው። አርሶ የደከመው ገበሬ ዋርካ ጥላ ሥር አረፍ ሲል በዓይነ ኅሊናው የሳለ ተማሪ ምልክቱን በቀላሉ አይረሳውም። ጄምስ ሃይሲግ በ1977 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ይህን ዘዴ ለእያንዳንዱ ካንጂ አንድ ቁልፍ ቃል በመስጠት አስፋፍቶታል።

ጉድለቱ የቱ ላይ ነው?

የሃይሲግ የመጀመሪያ ቅጽ የምልክቱን ትርጉምና አጻጻፍ እንጂ አነባበቡን አያስተምርም። የእኛም ዘዴ ተመሳሳይ ክፍተት አለው። «ሐመሩ ሐ» የሚለው ስም ፊደሉ የትኛው እንደሆነ ይነግረናል እንጂ «ምሕረት» በእሱ እንደሚጻፍ አይነግረንም። ስለዚህ ከፊደሉ ስም ወደ ቃሉ የሚያሻግር ሁለተኛ ማሰሪያ ያስፈልገናል። እሱን ደግሞ እያንዳንዳችን ለራሳችን ልንሠራው እንችላለን። ሦስት ምሳሌዎች እነሆ፦

1. ምሕረትና ትምህርት፦ በግዕዝ «መሐረ» ይቅር አለ፣ «መሀረ» አስተማረ ማለት ነው። ሐመር መርከብ ነው። ኖኅ ምሕረት ያገኘው በመርከብ ነው ብለን ብናስብ ምሕረት በሐመሩ ሐ ይያዛል። ትምህርት ለሃሌታው ሀ ይቀራል።

2. ምሥራቅና ስርቆት፦ «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ያው የሰው ዕቃ ወሰደ ነው። ንጉሥ ዙፋን ላይ ይወጣል፣ ፀሐይም በምሥራቅ ትወጣለች። ስለዚህ ምሥራቅ በንጉሡ ሠ ይጻፋል።

3. ሥዕልና ስእለት፦ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ፣ «ሰአለ» ለመነ ነው። ሠዓሊ ያለ ዐይን አይሠራም፤ ስለዚህ ሥዕል በዐይኑ ዐ ይጻፋል። ለማኝ የሚያቀርበው ስእለት በአልፋው አ ይሆናል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ ከጥንዱ አንዱን ብቻ አጥብቆ መያዝ ይበቃል፤ ሁለቱንም በተረት ማሰር እንደገና ያምታታል። ሁለተኛ፣ ፊደሉ ሐም ይሁን ሕ፣ ዐም ይሁን ዕ፣ ቤቱ አንድ ነው፤ ሥሩን የያዘ ሰው እርባታው አያሳስተውም።

በእርግጥ «ሞክሼዎቹ ይቀነሱ» የሚለው ክርክር የቆየ ነው፤ ለዘመናዊ አማርኛ የራሱ ምክንያት አለው። ይሁን እንጂ የብራና ጽሑፍ ወይም የግዕዝ መዝገበ ቃላት ለሚያነብ ተማሪ «መሐረ»ን በ«መሀረ» ቦታ መፈለግ ይቅርታን ትምህርት አድርጎ መተርጎም ነው።

በመጨረሻም፣ ማስታወሻ ቃል ምርኩዝ ነው። ተማሪው ቃሉን ደጋግሞ ሲያነብና ሲጽፍ ተረቱ ሳያስፈልገው እጁ ራሱ ይመራዋል። እስከዚያ ግን ዛሬ የያዛችሁትን ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያም ከሳምንት በኋላ ሳታዩ ጻፉትና አርሙት። ለመጀመር ያህል «ኃይል» እና «ኅብረት» ሁለቱም በብዙኃኑ ኀ ይጻፋሉ፤ ማሰሪያውን እናንተ ፈልጉለት።