በረንዳ ላይ የሚያድጉ ሕፃናትና የእኛ ድርሻ

ስለ ምጽዋት በተማርን ቁጥር የሚነሣው ጥያቄ «ለማን እንስጥ?» የሚል ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ልናነሣ የወደድነው ግን ሌላ ነው። ይኸውም ጡት ያልጣለ ወይም ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ይዞ ጎዳና ላይ ለሚያድር ቤተሰብ ምን ዓይነት ርዳታ ይበጀዋል? የሚል ነው።

እኛ የአብነት ልጆች ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከሰፈራችን ወደ መርካቶ ወጣ ስንል አውቶቡስ ተራን እናገኛለን። ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣ ሰው ለብዙ ዘመን አዲስ አበባን የሚረግጠው እዚያ ነበር፤ ዘመድ የሌለውም የመጀመሪያ ሌሊቱን የሚያሳልፈው እዚያው አካባቢ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከቀዬው የተነቀለ ብዙ ነው። በቅርቡም በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን የተጀመረው ጦርነትና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ውጊያ ልጅ ያዘሉ እናቶችን ወደ ከተማ ገፍቷል። ሁሉም ግን ከሩቅ የመጣ አይደለም፤ የቤት ኪራይ አቅቷት እዚሁ ሰፈር ከግቢ የወጣች እናትም አለች።

ዛሬ «የጎዳና ተዳዳሪ» እንላለን። ታላላቆቻችን «በረንዳ አዳሪ» ይሉ ነበር። እኛ የሚበልጥብን የፊተኛው ስም ነው፤ ነገሩን እንዳለ ያሳያልና። በረንዳው የባለ ሱቅ ነው። ሱቁ ከመከፈቱ በፊት መነሣት ግድ ነው፤ ሌሊትም ዘበኛ ይቀሰቅሳል፤ በክረምትም ዝናቡ ሸራውን አልፎ ይገባል። ዐዋቂ ሰው ቀን ጥላ ሥር ጋደም ብሎ እንቅልፉን ያካክሳል። የ2 ዓመት ሕፃን ግን ሰውነቱም አእምሮውም የሚያድገው ተኝቶ ነውና እንቅልፍ ያጣ ልጅ ይነጫነጫል፣ ምግብ ይዘጋበታል፣ ለመናገርም ይዘገያል። ከዚያም አላፊ አግዳሚው «ይኼ ልጅ ምን ነካው?» ይላል!

«ታዲያ ቤት ለምን አይከራዩም?» የሚሉ አሉ። በመርካቶ ዙሪያ በእንጨት በተሠራ ቆጥ ላይ በአዳር ሒሳብ የሚታደርባቸው ክፍሎች መኖራቸውን ታውቃላችሁ። እዚያም ቢሆን ልጅ ያላትን ሴት የሚቀበላት ጥቂት ነው፤ ሕፃኑ ሌሊት ቢያለቅስ ሌሎቹ አዳሪዎች ያጉረመርማሉ። ሥራውም እንዲሁ ነው። እህል በረንዳ ጤፍ ማበጠር፣ በየቤቱ ልብስ ማጠብ ይገኛል፤ አሠሪዋ ግን «ልጅሽን ለማን ትተሽ ትመጫለሽ?» ትላታለች። ስለዚህ እናቲቱ ልጇን ታቅፋ ደጅ ትቀመጣለች። ይህን አይተን «ሥራ ጠልታ ነው» ብንል ፍርዳችን የችኮላ ፍርድ ይሆናል።

ስለ አመጋገብም ጥቂት እንበል። ከሆቴል የተረፈውና «ቡሌ» የሚባለው ምግብ ለትልልቆቹ ልጆች ሆድ ይሞላ ይሆናል፤ ለሕፃን ግን የተቅማጥ መንገድ ነው። ሐኪሞች እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃል ይላሉ። ሆኖም ራሷ ያልበላች እናት «ወተቴ ደርቋል» ብላ ትሰጋለች፤ የዱቄት ወተት ትለምናለች፤ እንዲበረክትላትም በንጹሕ ባልተቀቀለ ውሃ ታቀጥነዋለች። እንግዲህ ጡት ለምታጠባ እናት የተሰጠ ትኩስ ሽሮ ለሕፃኑ እንደ ተሰጠ ቁጠሩት። ሆፕ ኢንተርፕራይዝ የተባለው ድርጅት ለብዙ ዓመታት የምግብ ኩፖን ሲሸጥ ኖሯል፤ ሰው ኩፖኑን ገዝቶ ለተቸገረው ይሰጣል፣ ተቸጋሪውም ሄዶ ይመገባል። ከሳንቲም ይልቅ ይህ ዓይነቱ መንገድ ለእኛ ይስማማን ይመስለናል።

እዚህ ላይ ስለ ክብርት ዶ/ር አበበች ጎበና ማንሣት ተገቢ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ሄደው በረሃብ ከተጎዳው ሕዝብ መካከል ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ሆኑ። ቤተሰባቸው ስላልተቀበለው ሞቅ ካለው ቤታቸው ወጥተው እንጀራ እየጋገሩ፣ ቆሎ እየቆሉ እየሸጡ አሳደጓቸው፤ ያ ጅምር ትልቅ የሕፃናት ድርጅት ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ የሸኛቸው ሕዝብ «እዳዬ» እያለ ነው የሸኛቸው። ከዚህ የምንማረው አለ፤ ልዩነቱንም ግን ልብ እንበል። እሳቸው የሰበሰቧቸው እጓለ ማውታን ነበሩ። በእኛ ደጅ ያሉት ብዙዎቹ ሕፃናት ግን እናት አላቸው። «ልጁን ለማሳደጊያ እንስጠውና እሷ ትሥራ» የሚሉ ደጋግ ሰዎች አጋጥመውናል። እኛ አንስማማም። ድህነት ብቻውን ልጅን ከእናቱ ለመለየት በቂ ምክንያት አይሆንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል።

ሌላው የወረቀት ነገር ነው። ወረቀት የሌለው ሰው በከተማችን እንደሌለ ይቆጠራል። መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ ይጠየቃል፤ ተፈናቅላ የመጣች እናት መሸኛውን ከየት ታመጣለች? የእናቲቱ መታወቂያ ሲጠፋ የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ይቸግራል፤ ይህ በታችኛው ክፍል ምዝገባ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ መሰጠቱ ትልቅ በረከት ነው፤ ግን ለተመዘገበ ተማሪ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔትም ጎዳና ለሚያድሩ ወገኖች ድርሻ ነበረው፤ ስሙን የሚያስመዘግብለት ያገኘ ተጠቀመ። ከእኛ መካከል ማመልከቻ መጻፍ የሚችል፣ ወረዳ ድረስ አብሮ ሄዶ ወረፋ የሚጠብቅ ወጣት ጠፍቶ አይደለም። ክትባትም በጤና ጣቢያ በነፃ ነው፤ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በ9 ወሩ ቀኑን የሚያስታውሳት ሰው ካለ ትሄዳለች። ካርዱ ግን በአንድ የሐምሌ ሌሊት በስብሶ ያድራል።

(በነገራችን ላይ ዳቦ ስንሰጥ በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣቱ ይቅር። የሕፃኑ ፊት የእኛ ማስታወቂያ አይደለም።)

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። አዳራሻችን ከሰኞ እስከ ዓርብ ተዘግቶ ይውላል። ከጥዋት እስከ ቀትር ጥቂት ሕፃናት ቢውሉበት እናቶቻቸው ልብስ ማጠብም ሆነ እህል ማበጠር ይችላሉ። ሐሳቡን ስናቀርብ አንዳንድ አባቶች «ደጃችን የነዳያን ሰፈር ይሆናል» ብለው ሰግተዋል። ስጋታቸውን አንንቅም፤ ብዙ ዘመን ደጁን የጠበቁት እነርሱ ናቸው። ነገር ግን ነዳያኑ ዛሬም በደጃችን አሉ፤ ልዩነቱ ልጆቹ ፀሐይ ላይ መዋላቸው ነው። ደግሞም ሰንበቴ ሲወጣ፣ ተዝካር ሲደገስ አብረናቸው እንበላለን፤ ማክሰኞ ቀን ግን ሕፃኑን የሚያስታውሰው የለም።

ሕፃን መጠበቅ ቀላል ሥራ አለመሆኑን እናውቃለን። ማንም ብቻውን ከሕፃናት ጋር እንዳይቀር፣ ሁልጊዜ ሁለት ዐዋቂዎች እንዲኖሩ፣ ከእነርሱም አንዷ ከእናቶቹ መካከል ተመርጣ የድካሟ ዋጋ እንዲከፈላት፣ የታመመ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወሰድ ተነጋግረናል። ለጊዜው የምንጀምረው ከ8 በማይበልጡ ሕፃናት ነው።

አዳራሹ እስኪፈቀድ ድረስ ደግሞ አንድ ትንሽ ነገር እናድርግ። የልደት ማሳወቂያና የክትባት ካርድ ያላቸው እናቶች ዝናብ እንዳያበላሽባቸው ወረቀታቸውን በዕቃ ቤታችን ሊያስቀምጡ ይወዳሉ። ቁልፍ ያለው የቆርቆሮ ሣጥን በቤቱ ያለው፣ ሞግዚትነት ወይም ነርስነት የተማረች እኅት ያለችው አባል እሑድ ከትምህርት በኋላ ለጸሐፊያችን ይንገርልን።