ክፍያና የሥራ ፍቅር

በየቁምስናው ጉባኤ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ በሥራው ለበረታ ሰው ገንዘብ ብንጨምርለት ትጋቱ ይጨምራልን? ወይስ ቀድሞ የነበረውን ፍቅር እናጠፋበታለን? ቸኩለን ከመፍረዳችን በፊት በጥናት የተገኘውን ለይተን ልንመለከት ይገባናል።

1. ገንዘብ ትጋትን ሲጨምር
ሴፍላይት በተባለው የአሜሪካ የመኪና መስታወት ገጣሚ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 እና በ1995 በሰዓት ይከፈል የነበረው ቀርቶ በተገጠመው መስታወት ቁጥር እንዲከፈል ተደረገ። የምጣኔ ሀብት ሊቅ ኤድዋርድ ላዚር እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት እንደገለጹት፣ የአንድ ሠራተኛ አማካይ ውጤት 44 በመቶ ያህል ጨመረ። ግማሽ ያህሉ ነባሮቹ ይበልጥ በመትጋታቸው የተገኘ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን እናስተውል፤ ሥራው በቀላሉ የሚቆጠር ነበር፤ መስታወቱን ያበላሸም ገጣሚ ያለ ተጨማሪ ክፍያ መልሶ ይሠራ ስለ ነበር ለቁጥር ሲባል ጥራት አልተዘነጋም።

2. ሽልማት ፍቅርን ሲያቀዘቅዝ
እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት ሥዕል መሣል የሚወዱ 51 ሕፃናትን በ3 ክፍል መደቡ። ለአንደኛው ክፍል አስቀድሞ ሽልማት ተስፋ ተሰጠው፤ ሁለተኛው ሳይጠብቅ ተሸለመ፤ ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከ1 እስከ 2 ሳምንት በኋላ ሕፃናቱ በነጻነት ሲጫወቱ፣ ተስፋ የተሰጣቸው ለሥዕል ያዋሉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሳይጠብቁ የተሸለሙት ግን ፍቅራቸው አልቀዘቀዘም። እንግዲህ የጎዳው ሽልማቱ ራሱ ሳይሆን «ይህን ብታደርግ ያንን እሰጥሃለሁ» የሚለው ውል ነው። ስለሚወደው ይሥል የነበረው ልጅ ለሽልማቱ የሚሥል ይመስለዋል፤ ሽልማቱ ሲቀር ምክንያቱም አብሮ ይቀራል።

3. ደመወዝ ሽልማት አይደለም
ይህን ሰምቶ «እንግዲያውስ ጥቂት መክፈል ይሻላል» የሚል ቢኖር እጅግ ተሳስቷል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው፣ ሠራተኛው በችግር ተገዶ ቢስማማ እንኳ ደመወዙ ለኑሮው ከሚበቃው በታች እንዳይሆን አስተምረዋል። ስለዚህ የቁምስናውን ዘበኛ ወይም ምግብ አብሳይ በአገልግሎት ፍቅር ስም ከተገቢው ደመወዝ ማጉደል ፍትሕን ማጓደል ነው። ልጆቹ ያልበሉለት ሰው ስለ ሥራ ፍቅር ስብከት አያስፈልገውም።

4. በቁምስናችን ምን እናድርግ?
ለካቴኪስት የመጓጓዣውንና የምሳውን ወጪ መተካት ሽልማት አይደለም፤ ተገቢ ነው። ባስመዘገበው የሕፃናት ቁጥር ልክ ብንከፍለው ግን መዝገቡ ሲሞላ ትምህርቱ ሊጎድል ይችላል፤ የማስተማር ሥራ እንደ መስታወት አይቆጠርምና። ሕፃናትንም «ጸሎቱን በቃል ያጠና ይሸለማል» ብለን ከምናባብል፣ ካጠኑ በኋላ በመልካም ያደረጉትን ለይተን ብናመሰግናቸው ይሻላል።

የመወያያ ጥያቄዎች
ሀ) በቁምስናችን ከተገቢው በታች የሚከፈለው ሠራተኛ አለን?
ለ) ሽልማቱ ቢቀር የሚቀጥለው የትኛው አገልግሎታችን ነው? የሚቋረጠውስ?